አርተር አልተገኘም፦ «የግዌንቱ ንጉሥ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። ርዕሱ «ንጉሥ አርተር ተገኘ» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ክብ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፈረሰኞቹን ዙሪያውን ያስቀመጠው አርተር የተረት ሰው አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ ዌልስ፣ ግዌንት በተባለች ግዛት የነገሠ አትሩዊስ የሚባል ሰው ነው። ጦርነቶቹ በዘመኑ ተመዝግበዋል፤ የዘር ሐረጉ ሳይቆረጥ ተጽፏል፤ መቃብሩም ተቆፍሮ ወጥቷል። እስከ ዛሬ ያልታወቀው እንግሊዞች ሆን ብለው ስለደበቁት ነው።

ጽሑፉ አያያዙ ጥሩ ነው። ይነበባል፤ ጸሐፊው ለዌልስ ሕዝብ ያለው ፍቅርም ግልጽ ነው። በዚህ በኩል ጠብ የለኝም። እኔም የዚያን ዘመን የዌልስ ነገሥታት ታሪክ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ። ያስቆጨኝ እነሱ ራሳቸው በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ማጣታቸው ነው። በስማቸው፣ በድንጋያቸውና በሥራቸው የምናውቃቸው ሰዎች ለአርተር ምስክር ይሆኑ ዘንድ ብቻ ይጠራሉ፤ ከዚያ ይረሳሉ። ስለዚህ ነጥቦቹን ተራ በተራ ላንሳቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ሲጀምር «የአርተር አሥራ ሁለት ጦርነቶች በዘመኑ ሰው ተመዝግበዋል» ይላል። አልተመዘገቡም። ዝርዝሩ የሚገኘው «የብሪታንያውያን ታሪክ» በሚባል የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ነው። በልማድ ኔኒየስ የተባለ ሰው ጻፈው ይባላል። የተጻፈውም በ829 ወይም በ830 ግድም፣ በሰሜን ዌልስ በግዊኔድ መርቪን የሚባል ንጉሥ ነግሦ ሳለ ነው። የጦርነቶቹ ሁሉ ቁንጮ የሆነው፣ ብሪታንያውያን (የዌልስ ሰዎች አባቶች) ሳክሰኖችን (የእንግሊዞችን አባቶች) ያሸነፉበት የባዶን ጦርነት ደግሞ የተደረገው በ500 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመሃል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለ። «የዘመኑ ሰው» የሚባል ነገር እዚህ የለም።

መጽሐፉ ራሱ ምን እንደሚልም እንይ። አርተር ከብሪታንያውያን ነገሥታት ጋር ሆኖ ተዋጋ፣ እሱ ግን የጦር መሪያቸው ነበር ይላል። ንጉሥ አላለውም። መጨረሻው ላይ ስሙን ሲያነሳም «ወታደሩ አርተር» ብሎ ነው የሚጠራው። «ንጉሥ አርተር ተገኘ» ብሎ ለሚነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው ምስክሩ የሰውየውን ንጉሥነት አያውቀውም! ስለ ባዶን ደግሞ አርተር በአንድ ቀን፣ በአንድ ግስጋሴ፣ 960 ሰው ብቻውን እንደጣለ ይነግረናል። የውጊያ ዘገባ እንዲህ አይቆጥርም፤ እንዲህ የሚቆጥረው ፉከራና ቀረርቶ ነው። ብዙ አጥኚዎችም ከዝርዝሩ በስተጀርባ አንድ የቆየ የዌልስ የጀግና ግጥም ሳይኖር አይቀርም የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሳው፣ ለእሱ ግን ከሁሉ የሚበጀው አንድ ነገር አለ። በዚሁ መጽሐፍ መጨረሻ ስለ ብሪታንያ ድንቆች የሚናገር ዝርዝር ተጨምሯል። ከድንቆቹ አንዱ ኤርጊንግ በሚባል አገር ነው፤ ይህም ከግዌንት ጋር የሚዋሰን፣ ዛሬ በአብዛኛው በእንግሊዝ በኩል የቀረ ቦታ ነው። እዚያ ከአንድ ምንጭ አጠገብ የአምር መቃብር አለ ይላል። አምር የአርተር ልጅ ነው፤ የገደለውም የቀበረውም አባቱ ራሱ ነው። ሰዎች መቃብሩን ሊለኩት ሲመጡ አንዴ 6 ጫማ ይሆናል፣ አንዴ 9፣ አንዴ 12፣ አንዴ 15። ሁለቴ ቢለካ አንድ ዓይነት ልክ አይሰጥም። የመጽሐፉ ጸሐፊ ደግሞ «እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ» ብሎ ያረጋግጥልናል።

ይህን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። በ829 የግዌንት ጎረቤቶች ስለ አርተር ያወሩ እንደነበር ያሳያል። ግን የሚያወሩለት አርተር መቃብሩ የሚረዝምና የሚያጥር ልጅ ያለው ሰው ነው። የጦርነቱ ዝርዝርም፣ ይህ ወሬም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ እምነት የቀረቡ ናቸው። አንዱን ታሪክ፣ ሌላውን ተረት ብለን የምንለየው እኛ ነን።

የዌልስ ዓመታዊ መዝገብም ተጠቅሷል። በ516 አካባቢ በባዶን አርተር የጌታችንን መስቀል ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በትከሻው እንደተሸከመ፣ በ537 አካባቢ ደግሞ አርተርና ሜድራውት የሚባል ሰው በካምላን ጦርነት እንደወደቁ ይላል። ሁለተኛዋ መስመር ጭምት ናት፤ ጉራ የለባትም። እውነቱን ለመናገር እኔንም ታጓጓኛለች። ሆኖም መዝገቡ አሁን ባለው መልኩ የተሰናዳው በ10ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው፤ በእጃችን ያለው ጥንታዊው ቅጂም በ1100 ግድም የተጻፈ ነው። አርተርን የሚያነሱት መስመሮች መቼ እንደገቡ ሳይታወቅ እንደ ቀን ውሎ ማስታወሻ ሊነበቡ አይችሉም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ጊልዳስ ነው። ጊልዳስ በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ለጉዳዩ በዘመን የሚቀርበን ጸሐፊ እሱ ብቻ ነው። ባዶንን ያነሳል፤ እንዲያውም የተወለድኩት በዚያ ዓመት ነው ይላል። አርተርን ግን አንዴም አይጠቅስም። የብሪታንያውያንን ትግል ሲያስጀምር ስሙን የሚጠራው መሪ አምብሮሲየስ አውሬሊያኑስ ነው። ለምን አርተርን ዘለለው? የጽሑፉ መልስ «አርተር ወንድሙን ስለገደለበት ቂም ይዞ ነው» የሚል ነው።

ይህ የቂም ታሪክ ከየት መጣ? በ12ኛው መቶ ዓመት ካራዶክ የሚባል ሰው ከጻፈው የጊልዳስ ገድል ነው። ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ደግሞስ ጊልዳስ የጠላውን ሰው በዝምታ የሚያልፍ ነው እንዴ? በዘመኑ የነበሩ አምስት ነገሥታትን በስማቸው እየጠራ አብጠልጥሏቸዋል። በደቡብ ምዕራብ ብሪታንያ የሚገዛውን የዱምኖኒያውን ቆስጠንጢኖስ ሁለት የንጉሣውያን ቤተሰብ ልጆችን በመሠዊያ ፊት ገደልክ ይለዋል። በደቡብ ምዕራብ ዌልስ የሚገዛውን የዳቬዱን ቮርቲፖር ፀጉርህ ሸብቶም አልተመለስክም ይለዋል። የግዊኔዱን ማይልጉን «የደሴቲቱ ዘንዶ» ይለዋል፤ መንኩሰህ ቆብህን ጣልክ፣ አጎትህን ከዙፋኑ አወረድክ፣ ሚስትህንም የወንድምህንም ልጅ ገደልክ እያለ ይዘረዝርበታል። በሕይወት ያለ ንጉሥን እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው አንድ የሞተ የጦር መሪ ምን ያስፈራዋል?

በሌላ በኩል ግን ጊልዳስ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎችን በስም የሚጠራው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ዝምታው አርተር አልነበረም ለማለት አይበቃም። ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ጸሐፊው ግን ከዝምታው ቂም፣ ከቂሙ ደግሞ ንጉሥ አወጣለት።

(ማይልጉንን ካነሳን አይቀር፦ የዌልስ መዝገብ በ547 በትልቁ ቸነፈር ሞተ ይላል። ብዙዎች ይህን በ541 በግብፅ ከታየውና የሜድትራኒያንን ዓለም ካዳረሰው ወረርሽኝ ጋር ያያይዙታል። ኤቫግሪየስ የሚባለው የ6ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ያ በሽታ ከኢትዮጵያ በኩል ተነሳ ይባላል ብሎ ጽፏል። የወሬው እውነትነት ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ የዌልስ ነገሥታት ከዓለም ተቆርጠው በጭጋግ ውስጥ የኖሩ ሰዎች እንዳልነበሩ ያስታውሰናል።)

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። አትሩዊስ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። የሜሪግ ልጅ፣ የቴውድሪግ የልጅ ልጅ ነው። የምናውቀው በዋናነት ከላንዳፍ ካቴድራል የመሬት ስጦታ ሰነዶች ነው። ሰነዶቹ በ12ኛው መቶ ዓመት ተገልብጠው፣ ለካቴድራሉ ጥቅም ሲባልም ተነካክተው የደረሱን ናቸው። ቢሆንም አጥኚዎች በውስጣቸው ያለውን የቆየ ነገር ለይተው ለማውጣት ብዙ ለፍተዋል። በዚያ መሠረት አትሩዊስ የ7ኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። አባቱ ሜሪግ ረጅም ዕድሜ የገዛ ይመስላል፤ ልጁም ከአባቱ በፊት ሳይሞት አልቀረም። ከዚያ የአትሩዊስ ልጅ ሞርጋን ነገሠ። ሞርጋን ስሙ ሳይተርፍለት አልቀረም፤ ዛሬም ያ የደቡብ ዌልስ አካባቢ በዌልስ ቋንቋ ሞርጋንዉግ ይባላል።

እንግዲህ ቁጥሩን አስቡት። ባዶን በ500 ግድም። አትሩዊስ በ600ዎቹ። ሰውየው ባዶን ላይ እንዲዋጋ ቢያንስ አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መጎተት አለበት። ጽሑፉ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለምን እንዳደረገ ግን አልነገረንም። አባቱን፣ ልጁን፣ በሰነዶቹ ላይ አብረውት ምስክር የሆኑትን ጳጳሳትና ሹማምንት ሁሉ አብሮ መጎተት እንዳለበትም አላሰበበትም።

ስሙስ? «አትሩዊስ ማለት አርተር ማለት ነው» ይላል። የዌልስ ጸሐፍት ግን ሁለቱንም ስሞች ያውቋቸው ነበር። ቅድም ያነሳሁት፣ በ1100 ግድም የተጻፈውና ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው ብራና የነገሥታት የዘር ሐረግም ይዟል። በዚያ ላይ አትሩዊስ የሚለው ስምና አርተር የሚለው ስም ለየብቻ፣ በተለያየ አጻጻፍ ተቀምጠዋል። የሚገርመው፣ በዚያ የዘር ሐረግ አርተር የሚባል ሰው እውነትም አለ፤ የፔትር ልጅ አርተር። ግን የዳቬድ ሰው ነው፤ ጊልዳስ የሰደበው የቮርቲፖር የልጅ ልጅ ልጅ። ከስሙ በቀር ምንም አናውቅለትም። ጸሐፊው አርተር የሚባል የዌልስ ንጉሣዊ ሰው ከፈለገ እሱ ነበረለት። ዘመኑ ስለማይመች ማንም አያነሳውም።

በስም ጉዳይ ጠንቃቃ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳቬድ፣ ካስቴል ድዋይራን በሚባል ቦታ አንድ የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። ዛሬ በካርማርዘን ሙዚየም ነው። በላቲን «የቮቴፖሪግስ መታሰቢያ» ይላል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ኦጋም በሚባለው የአይሪሽ ጭረት ፊደል ስሙ ተደግሟል። ቦታው ልክ ነው፤ ዘመኑ ይቀራረባል፤ ስሙ ከጊልዳሱ ቮርቲፖር ጋር አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። ግን በመሃል አንድ «ር» የለችም። በዚያች በአንዲት ፊደል ምክንያት እስከ ዛሬ «ሰውየው ይህ ነው» ብለው ለመፈረም የሚያመነቱ አጥኚዎች አሉ። ከዚህ ጥንቃቄ ጎን አትሩዊስን በአንድ ዓረፍተ ነገር አርተር ማድረግ ያሳዝናል።

ማስረጃ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ አንግልሲ ደሴት ይሂድ። ላንጋድዋላድር በምትባል ትንሽ መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ የተተከለ ድንጋይ አለ። አናቱ ላይ መስቀል ተቀርጿል። ከሥሩ በላቲን፣ እየተንጋደደ በሚወርድ ጽሕፈት፣ «ንጉሥ ካታማኑስ፣ ከነገሥታት ሁሉ እጅግ ጠቢብ፣ እጅግ ዝነኛ» ይላል። ካታማኑስ በዌልስኛ ካድቫን ነው፤ በ625 ግድም የሞተው የግዊኔድ ንጉሥ። ድንጋዩን የልጅ ልጁ ካድዋላድር ሳያቆመው እንደማይቀር ይገመታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በእሱ ስም ይጠራል። ከአሥር የማይበልጡ ቃላት ናቸው። ግን በዘመኑ የተቀረጹ ናቸው፤ ንጉሥ ይላሉ፤ ስም ይጠራሉ። የእነዚህ ነገሥታት አፍቃሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን ድንጋይ እንዴት ሳያነሳው ያልፋል?

«የዘር ሐረጉ ሳይቆረጥ ተጽፏል» የሚለውን ደግሞ ላንሳ። የዘር ሐረጎቹ የተሰናዱት በ10ኛው መቶ ዓመት፣ የዌልሱ ንጉሥ የሃወል ዳ ልጅ ለሆነው ለኦዋይን ነው። ሐረጉ ወደ ላይ ሲወጣ ቤሊ ታላቁ ጋ ይደርሳል፤ እናቱ አና የእመቤታችን የማርያም የአጎት ልጅ ናት ይባላል። የዳቬድ ነገሥታት በዌልሱ ሐረግ የሮማ ነገሥታት ዘር ናቸው፤ በአንድ የአይሪሽ ጽሑፍ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ከአየርላንድ የተሰደዱ ነገድ ልጆች ናቸው። የዘር ሐረግ በዚያ ዘመን የሥልጣን ወረቀት ነበር። ማን በማን ላይ መብት አለው የሚለውን ይነግራል እንጂ ማን ማንን ወለደ በሚለው ሁልጊዜ አይታመንም።

ላንጎለን አጠገብ ያለውን የኤሊሴግ ዓምድም ብንመለከት ያው ነው። ያቆመው በምሥራቅ ዌልስ የነበረው የፖዊስ ግዛት ንጉሥ ኪንጌን ነው፤ በ850ዎቹ ሮም ሄዶ የሞተው። ቅድመ አያቱ ኤሊሴግ ፖዊስን ከእንግሊዞች በሰይፍና በእሳት እንዳስመለሰ አስቀርጾበታል። ከዚያ ዘሩን እስከ ብሪታንያዊው መሪ ቮርቲገርንና እስከ ሮማዊው ማግኑስ ማክሲሙስ ያወጣዋል። ጽሑፉ ዛሬ ተፋቋል፤ የዌልሱ ምሁር ኤድዋርድ ሉዊድ በ1696 የገለበጠው ባይኖር ኖሮ ጠፍቶ ነበር። በተረፈልን ቅጂ ላይ አርተር የለም። እንግሊዝን ያሸነፉ አባቶችን ለመቁጠር ዓምድ ያቆመ የዌልስ ንጉሥ አርተርን አለመጥራቱን ልብ በሉ።

ጸሐፊው በመሃል ሌላ ኦዋይን፣ ኦዋይን ዳንትግዊን የሚባለውን ንጉሥም እንደ ተጨማሪ ድጋፍ ያነሳል። ምክንያቱ ጊልዳስ የዚህን ሰው ልጅ ሲሰድብ «ድብ» የሚል ቃል መጠቀሙ ነው፤ አርተር በሚለው ስም ውስጥም ድብ የሚል የዌልስ ቃል አለ ይላሉ። ጊልዳስ አምስቱንም ነገሥታት በአውሬ ስም ነው የሚሰድባቸው። ደግሞስ አርተር አትሩዊስ ከሆነ ኦዋይን ምን ሊያደርግ መጣ? ሁለቱም ሊሆን አይችልም።

መቃብሩም እንዲሁ ነው። በ1191 የግላስተንበሪ መነኮሳት የአርተርን መቃብር አገኘን አሉ። ጄራልድ የሚባለው የዌልስ ጸሐፊ በዝርዝር ይተርከዋል። ጥልቀቱ 16 ጫማ፣ ሣጥኑ ኦክ የሚባል ዛፍ የተፈለፈለ ግንድ፣ ውስጡ የግዙፍ ሰው አጥንት፣ አጠገቡ የሴት ወርቃማ ፀጉር፤ አንድ መነኩሴ ሊነካው ሲል ተበትኖ ጠፋ። ስሙን የሚናገር የእርሳስ መስቀልም ነበር። ጄራልድ መስቀሉ ላይ የንግሥቲቱም ስም አለ ይላል፤ በ1607 በታተመው ሥዕል ላይ ግን የንግሥቲቱ ስም የለም። መስቀሉ ራሱ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

ገዳሙ በ1184 ተቃጥሎ ነበር። ማደሻ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ምዕመን የሚስብ መቃብር ደግሞ ገንዘብ ያመጣል። ከዚህም በላይ ግላስተንበሪ በእንግሊዝ፣ በሱመርሴት ነው ያለው። የግዌንት ንጉሥ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን መቃብር ማስረጃ አድርጎ ሲያመጣ የራሱን ክርክር ነው የሚቀብረው።

የመጨረሻው ነጥብ «እንግሊዞች ደበቁት» የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው በደል የተገላቢጦሽ ነበር። እንግሊዞች አርተርን አልደበቁትም፤ ወሰዱት። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1277 ዌልስ ላይ ዘመተ። በዓመቱ፣ በ1278፣ ከንግሥቲቱ ጋር ግላስተንበሪ ሄዶ «የአርተርን» አጥንት በክብር ዳግም አስቀበረ። በ1282 የዌልስ ልዑል ሉዌሊን ተገደለ፤ ከድሉ በኋላም የአርተር ዘውድ የተባለ ዘውድ ለኤድዋርድ ተሰጠው። በእንግሊዝ፣ በዊንቸስተር አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ የአርተር የሚባለው ክብ ጠረጴዛ የተሠራው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። ሰባተኛው ሄንሪ በ1486 የበኩር ልጁን አርተር አለው። የሞንመዙ ጄፍሪ በ1130ዎቹ የጻፈው፣ አርተርን ታላቅ ንጉሥ ያደረገው መጽሐፍ ከሁለት መቶ በላይ በእጅ የተጻፉ ቅጂዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ይህ መደበቅ ነው? አሸናፊው የተሸናፊውን ጀግና ቀምቶ የራሱ አያት አደረገው። የዌልስ ሰዎች ሊቆጩበት የሚገባው ይህ ነው፤ ጽሑፉ ግን በሌለ ሴራ ሸፈነው።

ሊመጣ የሚችል አንድ መልስ ስላለ ቀድሜ ልንካው። «ጎዶዲን የሚለው የቆየ የዌልስ የጀግንነት ግጥምስ?» ይባል ይሆናል። አዎ፣ በዚያ ግጥም አንድ ጀግና ሲወደስ፣ በምሽጉ ግንብ ላይ ቁራዎችን በሬሳ መገበ፣ «አርተር ባይሆንም እንኳ» የሚል ስንኝ አለ። ግጥሙ ጥንታዊ ሥር ሊኖረው ይችላል፤ ብራናው ግን የ13ኛው መቶ ዓመት ነው። ስንኙም ቢሆን አርተርን ንጉሥ አይለውም፤ ግዌንትንም አይጠራም።

እኔ ከጸሐፊው የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከ829 በፊት የተጻፈ፣ አርተርን የግዌንት ንጉሥ የሚል አንድ መስመር ካለው ያምጣው፤ በደስታ አነበዋለሁ። ከሌለው ግን የሚቀጥለውን ጽሑፍ ስለ ካድቫን ልጅ ስለ ካድዋሎን ይጻፍልን፤ በ633 የኖርዘምብሪያውን ንጉሥ ኤድዊንን ገድሎ በዓመቱ እሱም የተገደለውን፣ የጠላቶቹ ወገን የሆነው የታሪክ ጸሐፊ ቢድ ሳይቀር ሊዘነጋው ያልቻለውን። ወይም በ928 ሮም ድረስ ሄዶ ስለተመለሰው፣ ስሙ በብር ሳንቲም ላይ «ሃወል ንጉሥ» ተብሎ ስለተቀረጸው ስለ ሃወል ዳ። ወይም ስለ አትሩዊስ ራሱ፤ ስለ ሜሪግ ልጅ፣ ስለ ሞርጋን አባት፣ በገዛ ዘመኑና በገዛ ስሙ።